በጅራቱ የሚያዝ ቃል



ዓለም ባንክ ላይ ለሰፈሩ ተማሪዎች ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ የምንሰጠውን የማጠናከሪያ ትምህርት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሒሳቡንና ፊዚክሱን የሚያስጠኑት ከእኛ የተሻሉ ልጆች ናቸው። እንግሊዝኛው ዘንድሮ ለእኛ ለኢንጂነሪንጎቹ ደረሰን። ምክንያቱ አይጠየቅ፤ ሌላ ሰው አልተገኘም።

ሦስት ሳምንት በሰዋስው መጽሐፍ ሞከርን። ልጆቹ አዛጉ፤ እውነቱን ለመናገር እኛም አዛጋን። በአራተኛው ሳምንት መጽሐፉን አስቀምጠን ጨዋታ ይዘን ገባን። ሕጉ ቀላል ነው። ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ አንድ የቃል መጨረሻ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ በተራው በዚያ የሚያልቅ የእንግሊዝኛ ቃል ይጠራል። የተባለ ቃል የደገመ ወይም እስከ አሥር ተቆጥሮ ዝም ያለ ይወጣል። ልጆቹ የቃሉን መጨረሻ ‹ጅራት› አሉት፤ እኛም በዚሁ ስም እንቀጥላለን።

ጨዋታ ቢሆንም ለቀልድ አላመጣነውም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። የዚህ ሁሉ ጥፋት የእንግሊዝኛ ነው አንልም። ግን ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም፣ ሒሳቡም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥያቄው ያልገባው ልጅ መልሱን ማወቁ ምን ይጠቅመዋል?

ደግሞ በመድረሳና በመንግሥት ትምህርት ቤት መካከል እየተመላለስን ያደግን ልጆች የምናውቀው አንድ ነገር አለ። ‹ሁለት ፊደል በልጅነት አጨናንቃችሁ ሦስተኛው ተበላሸባችሁ› ይሉናል። ብዙዎቻችን አምነን ተቀብለነዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ያየነው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍነውም ለዚሁ ነው።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ የእንግሊዝኛ ቃላቱን በፊደላችን ጽፈናቸዋልና ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። አጻጻፋቸውን መናገር ሲያስፈልገን የእንግሊዝኛ ፊደላቱን በስማቸው፣ ቲ፣ አይ፣ ኦ፣ ኤን እያልን እንጠራለን።

የመጀመሪያው ጅራት ‹ሽን› ነበር። የመረጥነው ከደጃችን ስለሚገኝ ነው። ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ በታክሲ ስትመጡ የሱቅ ማስታወቂያዎችን ብታነቡ ኮንስትራክሽን፣ ዲኮሬሽን፣ ፋሽን የሚሉ ቃላት ታገኛላችሁ፤ በየጥጉ የተቀመጠው ደላላም የሚኖረው በኮሚሽን ነው። ልጆቹ እንግሊዝኛ አናውቅም ይበሉ እንጂ ሰፈሩ ራሱ አስተምሯቸዋል።

ጨዋታው በደንብ ሄደ። ኔሽን፣ ስቴሽን፣ ኤጁኬሽን፣ ኢንፎርሜሽን። ከዚያ አንዷ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ‹ኦሽን› አለች፤ ውቅያኖስ ማለቷ ነው። ከጎኗ ያለው ልጅ ወዲያው ተነሣ። ‹ኡስታዝ፣ ኦሽን በቲ-አይ-ኦ-ኤን አይደለም የሚጻፈው!› (ኡስታዝ የሚሉን ቁርኣን እንደሚያስቀራ ሰው ነው፤ ተዉ ብንል አልተዉም።) እሷም ‹በጆሮ አንድ ናቸው፤ ሽን፣ ሽን!› አለች። ሌላው ‹እንደዚያ ከሆነማ ፋሽንም ይውጣ› አለ። ክርክሩ መግሪብ ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው ቀጠለ። እኛም በጊዜው ልንፈርድ አልቻልንም።

ቤት ገብተን ስናየው ሁለቱም ልክ ናቸው። በእንግሊዝኛ ‹ሽን› የሚለው አንድ ድምፅ ብዙ አጻጻፍ አለው። በብዛት የሚገኘው የኔሽን ነው፤ ቲ-አይ-ኦ-ኤን። ቴንሽን በኤስ-አይ-ኦ-ኤን፣ ኮሚሽን በሁለት ኤስ፣ ፋሽን በኤስ-ኤች-አይ-ኦ-ኤን፣ ኦሽን በሲ-ኢ-ኤ-ኤን፣ ኤሌክትሪሽያን በሲ-አይ-ኤ-ኤን ይጻፋሉ። እንግሊዛዊው ሁሉንም ሲጠራቸው መጨረሻቸው ያው ‹ሽን› ነው። ስለዚህ ጨዋታውን ለሁለት ከፈልነው። አንዱ የዓይን ጨዋታ ነው፤ አጻጻፉ አንድ መሆን አለበት። ሌላው የጆሮ ጨዋታ ነው፤ ቤት መምታት አለበት።

የጆሮው ጨዋታ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጣ፤ በማን ጆሮ? በአማርኛ ቤት የሚመታው በመጨረሻው ፊደል ነው። ‹መጣ› ካልን ‹ወጣ›ም ‹ቁጣ›ም ይገጥማል፤ ‹ጣ› ከተገናኘ በቂ ነው። ዓረፍተ ነገራችን በግስ ስለሚዘጋ ቤት መምታት ለእኛ ብዙ አይከብድም። ሸህ ጦልሐን የመሰሉ የወሎ ዓሊሞች አማርኛን በዓረብኛ ፊደል፣ በዓጀም የጻፉበትን መንዙማ ስንሰማ ያደግን ሰዎች ጆሯችን የሚጠብቀው የመጨረሻዋን ፊደል ነው።

እንግሊዝኛ በዚህ አይረካም። በእንግሊዝኛ ሁለት ቃላት ቤት መቱ የሚባለው ጠበቅ ብሎ ከሚነገረው የመጨረሻ ክፍል አናባቢ ጀምሮ እስከ ጫፍ ድረስ አንድ ሲሆኑ ነው። ኔሽን ጠበቅ የሚለው ‹ኔ› ላይ ነው፤ ስለዚህ ‹ኤሽን› የሚል ቃል ይፈልጋል። ስቴሽን ይሆናል። ኦሽን አይሆንም፤ ‹ኦ› ከ‹ኤ› አይገናኝምና። ኦሽን ቤት የሚመታው ከሞሽንና ከሎሽን ጋር ነው። ፋሽን፣ ፓሽንና ራሽን ደግሞ ሦስት የተለያየ አጻጻፍ ይዘው በጆሮ ፍጹም ይገጥማሉ። የእኛ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ‹ኦሽን› ስትል በአማርኛ ጆሮ ልክ ነበረች፤ በእንግሊዝኛው ዙሩ ከኔሽን ይልቅ በሎሽን ቢጀመር ልክ ትሆን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ጣልቃ ገባ። ከተማሪዎቻችን ሁሉ ዝምተኛው ነው፤ ቁርኣን ግን ብዙ ጁዝእ ሐፍዟል። ‹ይሄ እኮ እንደ ቃፊያ ነው› አለ።

እውነቱን ነው። በዓረብኛ ግጥም መዝጊያው ቃፊያ ይባላል። የበስራው ሊቅ ኸሊል ኢብኑ አሕመድ (ረሒመሁላህ)፣ የዐሩድን ዕውቀት ያቆሙት፣ ቃፊያን ‹የመጨረሻው ፊደል› ብለው አልተዉትም። ከመጨረሻው ሳኪን ወደ ኋላ እስከሚቀጥለው ሳኪን ድረስ፣ ከእሱም በፊት ካለው ሐረካ ጋር ብለው ወሰን አበጁለት። የእንግሊዝኛው ሕግም ዘዴው ያው ነው፤ ከጫፉ ጀምረህ ወደ ኋላ እየቆጠርክ አንድ የታወቀ ቦታ ላይ ትቆማለህ። የሚደጋገመው ፊደል ‹ረዊይ› ይባላል፤ ግጥሞችም በረዊያቸው ይጠራሉ። ኢብኑ ማሊክ (ረሒመሁላህ) ስለ ግስ እርባታ የገጠሙት ኪታብ ‹ላሚያ› የተባለው በላም ስለሚዘጋ ነው። አልፊያቸው ግን ሌላ መንገድ ይዟል፤ እያንዳንዱ መስመር ሁለት ግማሾቹ እርስ በርስ ይገጥማሉ። ወደ 1000 የሚጠጋ መስመር በቃል ለመያዝ ይህ ትልቅ እገዛ ነው።

የአላህ ቃል ግጥም አይደለምና ዑለማዎች የአንቀጾቹን መጨረሻ ቃፊያ ሳይሆን ‹ፋሲላ› ይሉታል፤ እኛም በዚሁ አደብ እንናገር። ሱረቱል ቀመር 55 አንቀጾቿ በሙሉ በ‹ራ› ያልቃሉ። ሱረቱል ኢኽላስ በ‹ዳል›፣ ሱረቱን ናስ በ‹ሲን›። ሒፍዝ የሞከረ ሰው ሁሉ አንቀጽ የሚምታታበት መጨረሻው ላይ መሆኑን ያውቃል። ሁለት የአላህ ስሞች ተከታትለው የሚመጡበት ቦታ ላይ አንዱን ጥንድ በሌላው ለውጦ ከኡስታዙ ያልተቆጣ ማን አለ? እንግዲህ የቃልን መጨረሻ መጠበቅ ያ ልጅ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ የሠለጠነበት ሥራ ነው። በእንግሊዝኛም እንደሚያገለግለው የነገረው ሰው አልነበረም እንጂ።

ለልጁ አንድ ታሪክ ነገርነው፤ ለእናንተም እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. 1000 ገደማ የኖሩት አል-ጀውሀሪ (ረሒመሁላህ) ‹አስ-ሲሓሕ› የሚባለውን የዓረብኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት በመጀመሪያ ፊደል ቅደም ተከተል አይደለም። ባቡ የሥርወ ቃሉ የመጨረሻ ፊደል ነው፤ ፈስሉ የመጀመሪያው። ‹ኪታብ›ን የፈለገ ሰው በባቡል ባእ ገብቶ በፈስሉል ካፍ ያገኘዋል። ከእሳቸው በኋላ ኢብኑ መንዙር እ.ኤ.አ. በ1290 ያጠናቀቁት ‹ሊሳኑል ዐረብ› በዚሁ ተደረደረ። ከቀይ ባሕር ማዶ የመን ዘቢድ ውስጥ ያረፉት ፊሩዛባዲም ‹አል-ቃሙስ›ን በዚሁ አዘጋጁ፤ ዛሬ ዓረቦች ማንኛውንም መዝገበ ቃላት ‹ቃሙስ› የሚሉት በዚያ ኪታብ ስም ነው። ለዘመናት ትልልቆቹ መዝገበ ቃላት ቃልን በጅራቱ ያዙት ማለት ነው። እንግሊዞቹም በኋላ ደርሰውበታል። ፒተር ሌቪንስ እ.ኤ.አ. በ1570፣ ጆን ዎከር ደግሞ በ1775 ቃላትን በመጨረሻቸው የደረደሩ መዝገበ ቃላት አሳትመዋል።

(ስለ አል-ጀውሀሪ ለኢንጂነሪንግ ተማሪ የሚሆን ነገርም አለ። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉት እንደሚሉት የሞቱት ኒሳቡር ውስጥ ክንፍ ሠርተው፣ መስጂድ ጣራ ላይ ወጥተው ለመብረር ሲሞክሩ ነው። የመዝገበ ቃላት ሰው ሲበር! ስሌቱን ሳይጨርሱ ቀርተው ይሆናል፤ አላህ ይዘንላቸው።)

የዓረብኛ ሊቃውንት ጅራቱን የመረጡት ለገጣሚ ቃፊያ ለመስጠት ብቻ አይደለም፤ የዓረብኛ ቃል ራሱን ስለሚለዋውጥም ነው። ካቲብ በካፍ ይጀምራል፤ መክቱብና መክተብ በሚም ይጀምራሉ፤ የሦስቱም ሥር መጨረሻ ግን ‹ባ› ናት። እንግሊዝኛ የዚህ ግልባጭ ነው። ኤጁኬት፣ ኤጁኬሽን፣ ኤጁኬተር፣ ኤጁኬሽናል፤ ራሱ አይነቃነቅም፣ የሚለዋወጠው ጅራቱ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ቃላትን በራሳቸው ስትሰበስቧቸው ቤተሰባቸውን ታገኛላችሁ፤ በጅራታቸው ስትሰበስቧቸው ሥራቸውን። ‹ሽን› የያዘው በአብዛኛው ስም ነው። ኤል-ዋይ ብዙ ጊዜ ተውሳከ ግስ ነው። በ‹አስ› ድምፅ የሚያልቁት፣ ኦ-ዩ-ኤስ የተጻፉት እንደ ዴንጀረስና ፌመስ ያሉት፣ ቅጽል ናቸው። ትርጉሙን የማታውቁት ቃል ፈተና ላይ ቢገጥማችሁ ቢያንስ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ምን እየሠራ እንደሆነ ጅራቱ ይነግራችኋል። ክፍት ቦታው ስም ከፈለገ ከአራቱ ምርጫዎች ሁለቱን ወዲያው መጣል ትችላላችሁ።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ደግ ካልን በኋላ ደግነት እንላለን፤ እንግሊዝኛው ካይንድ ካለ በኋላ ካይንድነስ ይላል። የእኛ ‹ነት› የእነሱ ‹ነስ› ነው። ‹ሌስ› የሚለው ጅራት ደግሞ የእኛ ‹ቢስ› ነው፤ ዩዝሌስ ማለት ጥቅመ ቢስ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ጠረጴዛ መቱ።

ከግስ ወደ ስም ሲኬድ የትኛው ‹ሽን› እንደሚመጣ የሚያሳውቅ መንገድም አለ፤ እኛ ራሳችን ዩኒቨርሲቲ እስክንገባ አናውቀውም ነበር። ግሱ በ‹ኤት› ካለቀ ቲ-አይ-ኦ-ኤን ይመጣል፤ ክሪኤት ክሪኤሽን ይሆናል። ግሱ በዲ ድምፅ ካለቀ ብዙ ጊዜ ኤስ ነው፤ ኤክስፓንድ ኤክስፓንሽን፣ ዲቫይድ ዲቪዥን፣ ዲሳይድ ዲሲዥን። አስተውሉ፤ ከፊቱ ‹ን› ሲኖር ሽን፣ አናባቢ ሲኖር ዥን ተባለ። በሁለት ኤስ ወይም በ‹ሚት› የሚያልቀው ሁለት ኤስ ይወስዳል፤ ኮምፕረስ ኮምፕረሽን፣ ፐርሚት ፐርሚሽን። አፈንጋጮች አሉ። አቴንድና ኢንቴንድ በዲ ቢያልቁም አቴንሽንና ኢንቴንሽን የሚጻፉት በቲ ነው። ዓረብኛ ነሕው የተማረ ሰው ‹ሻዝ› የሚባል ነገር መኖሩን ስለሚያውቅ በዚህ አይደነግጥም።

ሲ-አይ-ኤ-ኤን የተጻፈው ‹ሽን› ለብቻው ነው፤ በብዛት ሰውን ከነሙያው ይጠራል። ኤሌክትሪሽያን፣ ቴክኒሽያን፣ ፖለቲሽያን። አንድ ተማሪያችን ታዲያ ይህን ይዞ አይዛክ ኒውተንን ‹ፊዚሽያን› ብሎ ጻፈው። ሕጉን በትክክል ነበር የተጠቀመው፤ እንግሊዝኛው ግን ፊዚሽያንን ለሐኪም ሰጥቶ የፊዚክሱን ሰው ፊዚሲስት ብሎታል። ኒውተን ለአንድ ሳምንት ሐኪም ሆኖ ቆየ።

ጅራት አነጋገሩንም ያዛል። ‹ሽን› ያለበት ቃል ጠበቅ የሚለው ከ‹ሽን› በፊት ባለው ክፍል ላይ ነው። ኤጁኬት ስንል ‹ኤ› ላይ የነበረው ጥብቀት ኤጁኬሽን ሲሆን ወደ ‹ኬ› ይዘላል። በ‹ኢክ› የሚያልቁትም እንዲሁ ናቸው፤ ኢኮኖሚ ‹ኮ› ላይ፣ ኢኮኖሚክ ‹ኖ› ላይ ጠበቅ ይላሉ። በኢ-ኢ-አር የሚያልቁት ደግሞ ጥብቀቱን ራሳቸው ጅራቱ ላይ ይወስዱታል፤ ቮለንቲር፣ ፓዮኒር፣ ኢንጅኒር። እኛ ስንት ዓመት ‹ኢንጂነር› ስንል የራሳችንን ሙያ ስም በትክክል ሳንጠራ ኖረናል።

በዓይን አንድ ሆነው በጆሮ የሚለያዩት ናቸው ልጆቹን በጣም ያናደዷቸው። ኦ-ዩ-ጂ-ኤች። ይህን ጅራት የያዙ ቃላት ስሩ፣ ዞ፣ ታፍ፣ ኮፍ፣ ፕላው ተብለው ይነበባሉ። አምስት ቃል፣ አንድ አጻጻፍ፣ አምስት አነባበብ። ‹ይሄማ ተንኮል ነው!› አለ አንዱ። ተንኮል ሳይሆን ዕድሜ ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ጂ-ኤች የሚጠራ ድምፅ ነበረው፤ ያም ድምፅ ለዓረብኛው ኻእ ቅርብ ነው። ቀስ በቀስ ድምፁ ከአንዳንዱ ቃል ጠፋ፣ ከአንዳንዱ ወደ ‹ፍ› ተለወጠ፤ ጽሕፈቱ ግን በቦታው ቀረ። እንግዲህ የእኛ ሐፊዝ ዛሬ እንግሊዞች ራሳቸው የረሱትን ድምፅ በየቀኑ ይጠራዋል ማለት ነው። የሚገርመው ደግሞ በአማርኛም ያው ነገር መድረሱ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት ፊደል ናቸው፤ በአማርኛ አፍ ግን አንድ ሆነዋል። ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ እንዲሁ። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ላይ የሚስቅ አማርኛ ጸሐፊ የራሱን ቀድሞ ይይ።

ስለ ‹ሎጂ› አጠር አድርገን እናልፋለን። ባዮሎጂ፣ ጂኦሎጂ፣ ቴክኖሎጂ ሲባል ሁሉም ‹የትምህርት ዓይነት ነው› ብሎ ተስማማ። አንዷ ‹አፖሎጂ› ስትል ሳቅ ሆነ፤ ይቅርታ መጠየቅ የትምህርት ዓይነት ቢሆን ስንቶቻችን እናልፍ ነበር? ጅራቱ ግን ልክ ነው፤ ከዚያው ‹ሎጎስ› ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። በአጻጻፍ የሚያስቱ ሁለት ቃላት ያዙ፦ ጂኒያሎጂና ሚኒራሎጂ ከኤል በፊት ኦ ሳይሆን ኤ ነው ያላቸው።

አሁን ወደ ስህተታችን እንምጣ። ያ ዝምተኛ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ጨዋታውን አሸነፈ። አሥራ አራት የ‹ሽን› ቃል ሲጠራ ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ ከእኛ አንዱ ‹ሬቮሉሽን ምን ማለት ነው?› ብሎ ጠየቀው። ዝም አለ። ‹ኮንስቲትዩሽንስ?› ዝም። ከአሥራ አራቱ የሚያውቀው አራቱን ብቻ ነበር። የቀሩትን ከመማሪያ መጽሐፍ ጀርባ ካለው የቃላት ዝርዝር በሁለት ሌሊት ሐፍዟቸው መጥቷል። ፊቱ ሲለወጥ ያየን ሁሉ ጥያቄውን በሰው ፊት በመጠየቃችን አፈርን። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ ሕጋችን ትርጉም አልጠየቀም ነበር።

በዚያ ምሽት የኒውዚላንዱን ናይጄል ሪቻርድስን አስታወስን። ስክራብል በሚባለው የቃላት ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይኛውን ሻምፒዮና አሸነፈ፤ ፈረንሳይኛ ግን አይናገርም። ቃላቱን እንደ ፊደል ድርድር ብቻ ሸምድዶ ገባ። በ2024 ደግሞ በስፓንኛ ያንኑ ደገመው። በሰሌዳ ላይ ትርጉም አይቆጠርም፤ ሪቻርድስም ያታለለው ሰው የለም። የእኛ ልጅም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ችሎታው ደግሞ ያስደንቃል። ግን ቁርኣን መቅራት ባይገባንም አጅር አለው፤ የእንግሊዝኛ ቃል ሳይገባ ቢደጋገም አጅርም ውጤትም የለውም። ፈታኙ ሬቮሉሽንን ጥራልኝ አይልም፤ በአንቀጽ ውስጥ አስቀምጦ ይጠይቃል።

ስለዚህ ሕጉን አሻሻልን። ቃሉን የጠራ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በስልጥኛ ወይም በዓረብኛ፣ ማለትም ቤቱ በሚናገረው ቋንቋ፣ ትርጉሙን ይናገራል። ካልቻለ ቃሉ ይመዘገብና ለሁሉም የሳምንቱ የቤት ሥራ ይሆናል፤ እሱ ግን አይወጣም። ‹አይወጣም› የሚለው ቃል ብዙ ለወጠ። ከዚያ በፊት ልጆቹ የሚያውቁትን ብቻ ነበር የሚጠሩት፤ አሁን የማያውቁትን ይዘው ይመጣሉ። ጨዋታው ዘገየ፣ አንድ ዙር አንድ ሰዓት መፍጀት ጀመረ። እህቶች በሚያስጠኑበት ክፍል ሕጉን አንድ እርምጃ ወስደው ከትርጉሙ ጋር የቃሉን ግስ ጭምር ይጠይቃሉ፤ ኮንክሉዥን ያለች ኮንክሉድ ትላለች። ከእኛ የተሻለ ዘዴ ነውና ሰርቀነዋል።

የመጨረሻውን ቅዳሜ በእንቆቅልሽ አሳለፍን። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራጨ የታወቀ ጥያቄ አለ፦ በጂ-አር-ዋይ የሚያልቁ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት አሉ፤ ሁለቱ አንግሪና ሀንግሪ፣ የተቆጣና የተራበ ናቸው፤ ሦስተኛው ማን ነው? ሰው ብዙ ደክሞበታል። በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቃል የለም፤ ጥያቄው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ተበላሽቶ የቀረ ነው። አንዱ ተማሪ ‹ረመዳን ላይ ከዙህር በኋላ ሁለቱ ይበቃሉ› አለ። ጾመኛ ሰው መቆጣት የለበትም ብለን ገሠጽነው፤ እየሳቅን ስለነበር ግን ተግሣጹ አልሠራም።

ያ የ10ኛ ክፍል ልጅ ትርጉም በተጠየቀበት ሳምንት ማግስት ይቀራል ብለን ፈርተን ነበር። አልቀረም። አንድ ደብተር ይዞ መጣ፤ በየገጹ አናት ላይ ‹ባብ› ብሎ ጅራቱን ጽፏል፤ ከሥሩ ‹ፈስል› ብሎ የመጀመሪያውን ፊደል፤ ከዚያ ቃሉን፣ ግሱንና የአማርኛ ትርጉሙን። የሽን ባብ አሥራ አንድ ገጽ ሞልቷል። የነስ ባብ አራት። በጂ-አር-ዋይ ባብ ሥር ግን ሁለት ቃል ብቻ አለ፤ እንደሌለ ብንነግረውም ሦስተኛውን መስመር ባዶ ትቶታል።